ጀግኒት ሆይ፣ ፎቶውን አያይዢ

ፊሊፒንሶች መምህር ማመስገን ያውቁበታል። ሌላው ዓለም ኦክቶበር 5 ላይ አንድ ቀን አጨብጭቦ ሲበተን፣ እነሱ ከሴፕቴምበር 5 ጀምረው ወር ሙሉ ያወድሳሉ። (ቀኑንም ዘመኑንም እንደ ፈረንጆቹ ያዙልኝ።) ወሩ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ በ2011 በፕሬዚዳንት አዋጅ የታወጀ ነው። እሰይ የሚያሰኝ አገር!

አከባበሩ ራሱ ይጣፍጣል። እዚያ ሴት መምህር "ማም" ነው የምትባለው፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ማም በጠዋት ስትገባ በክሬፕ ወረቀት የተሠራ መታጠቂያ ከትከሻዋ ወደ ወገቧ ያጠልቁላታል። ግንዷ በፎይል የተጠቀለለ አንዲት ጽጌረዳ ትቀበላለች። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ እናቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። በሩ ላይ ትልቅ ታርፖሊን፣ ማለትም የታተመ የፕላስቲክ ባነር፣ ተሰቅሏል፦ "ጀግኖቻችን ሆይ፣ መልካም የመምህራን ቀን!" ከታርፖሊኑ ሲሶው ምስጋናው ነው፤ የቀረው የከንቲባው ፈገግታ። በሰው ድግስ ላይ ፊቱን የሚለጥፍ ባለሥልጣን በሕዝቡ አፍ "ኤፓል" ይባላል። እኛ ግን ለምስጋና ስለተሰበሰብን ክፉ አናወራም።

ማበረታቻም አለ፤ 1,000 ፔሶ፣ በዓመት አንዴ። ለዓመቱ ቀናት ሲካፈል ለቀን ሦስት ፔሶ አይሞላም። ጀግንነት በዚህ ዋጋ የሚገኝበት ሌላ ገበያ ካለ ጠቁሙኝ።

እኛም "መምህር እንደ ሻማ ቀልጦ ለሌላው ያበራል" እየተባልን ስላደግን ነገሩ አይጠፋንም። የፊሊፒንሷ ሻማ ግን መቅለጧን በፎቶ አስደግፋ ሪፖርት ማድረግ አለባት። ኤም ኦ ቪ ይሉታል፤ የማረጋገጫ ማስረጃ ማለት ነው። ማም አስተማረች? ፎቶው የታል? የተማሪ ቤት ሄዳ ወላጅ አነጋገረች? ከወላጁ ጋር ቆማ የተነሳችውስ? የዓመት ሥራዋ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስለሚሰጠው፣ 5 ለማግኘት እያንዳንዱ መስፈርት ማስረጃ ይፈልጋል። በእቅድ፣ በተማሪ ሥራ፣ በፊርማና በሥልጠና ሰርተፊኬት ያበጠው ፋይል የክፍሉን በር ደግፎ ለማቆም ይበቃል። ክፍሏ ገብቶ የሚገመግማት አለቃ የሚመጣበት ቀን ቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ልጆቹ የትኛው ጥያቄ ላይ እጅ እንደሚያወጡ የሚለማመዱባቸው ክፍሎችም አይጠፉም። የዚያን ቀን ትምህርቱ እንከን የለውም። ችግሩ ልጆቹ መልሱን የሚያውቁት ከጥያቄው በፊት መሆኑ ብቻ ነው።

ሕጉን ካየን ፊሊፒንስ በመምህር መብት ማንም አይቀድማትም። በ1966 የወጣው የመምህራን ማግና ካርታ መምህር በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ ክፍል ውስጥ እንዳታስተምር ይላል። እስከ ስምንት ሰዓት ብትሄድ ደግሞ ለትርፉ ከመደበኛ ክፍያዋ ላይ 25 በመቶ ተጨምሮ ይከፈላታል። ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እንደ ቅርስ በጥንቃቄ ተይዟል፣ ብዙም አልተነካካም። ስድስቱ ሰዓት በእርግጥም የማስተማሪያ ነው። የቀረው ቀን፣ ማታና ቅዳሜ ደግሞ የጀግንነት ነው።

ጀግንነቱን ቀረብ ብለን እንየው፤ የተማሪዎች ምገባን ሥራ ልውሰድ። በ2018 የወጣው ሕግ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆች በዓመት ቢያንስ 120 ቀን እንዲመገቡ ያዛል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ድስቱ የሚጣደው ግን በማም ትከሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ልጆቹን ትመዝናለች፤ ሃምሳ ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል እያንዳንዱን ጫማ እያስወለቀች። ቁመታቸውን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሜትር ትለካለች። ኪሎውን፣ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ በሚመጣው ቁጥር ታካፍልና ከዕድሜ ሠንጠረዥ ጋር ታስተያያለች። አንዱ ልጅ ከነጫማውና ኪሱ ውስጥ ካሉት ብዮች ጋር ከተመዘነ፣ በወረቀት ላይ ይወፍርና ከምግቡ ዝርዝር ይወጣል። ስለዚህ ደግማ ትመዝናለች።

ከዚያ የወላጅ ፈቃድ፣ የጥገኛ ትል መድኃኒት፣ ከዚያ ግዢ። ለግዢ የሦስት ነጋዴ ዋጋ ማወዳደር ግድ ነው። ርካሽ ዓሣና ጎመን የምትሸጠው የጉሊት ሴትዮ ደግሞ ደረሰኝ የሚባል ነገር የላትም። ደረሰኝ ያለው ሱቅ ውድ ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ ሂሳብ ሲዘጋ ጥያቄ ያስነሳል። ማም መሃል ላይ ትቆምና ልዩነቱን ከቦርሳዋ ትሞላለች፤ ከኦዲት ጋር ከመጨቃጨቅ ይሻላላ። ወተት የመጣ እንደሆነ ማቀዝቀዣ የማን ቤት እንዳለ ታጠያይቃለች፤ በዚያ ሙቀት ወተት ቀጠሮ አያከብርም። ልጆቹ እጅ ሲታጠቡ ፎቶ፣ ሲበሉ ፎቶ፣ ሰሃኑ ባዶ ሲሆን ፎቶ። በ120ኛው ቀን እንደገና ሚዛን። ኪሎ ያልጨመረ ልጅ ካለ ለምን እንዳልጨመረ በጽሑፍ የምታብራራው እሷ ናት። ክፍሏስ? ክፍሏ ከሰሌዳ ላይ እየገለበጠ ነው፤ ሰላማዊ ነው።

መንግሥት አላየም አይባልም። በጃንዋሪ 2024 ትምህርት ሚኒስቴሩ የአስተዳደር ሥራ ከመምህራን ትከሻ ባስቸኳይ እንዲነሳ አዘዘ። ንብረት መያዝ፣ ሂሳብ፣ መዝገብና ይኸው ምገባ ጭምር በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። የሽግግር ጊዜውም 60 ቀን ብቻ። ግሩም ትእዛዝ ነው! አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርታዋለች፤ ከመምህሯ የተነሳው ሥራ የሚያርፍበት ሌላ ትከሻ። የቢሮ ሠራተኛ ባልተቀጠረበት ትንሽ ትምህርት ቤት ሥራው አየር ላይ ተንሳፍፎ አይቆይም። ዞሮ ይመጣል፣ ግን በትእዛዝ መልክ አይመጣም፤ ትእዛዝማ ተከልክሏል። "ፓኪዩሳፕ" ሆኖ ይመጣል። ፓኪዩሳፕ እንደ "እባክሽ የኔ እናት" ያለ ልመና ነው። ትእዛዝ ቁጥርና ቀን ስላለው አቤት ይባልበታል። ልመና ግን ቁጥር የለውም፤ እምቢ ያለች "ፓኪኪሳማ የማታውቅ" ትባላለች፣ ከሰው ተግባብታ መኖር የማትችል ማለት ነው። በደሴት ላይ ባለ ትምህርት ቤት ከስድስት ባልደረባ ጋር ዓመቱን ለምትገፋ ሰው ይህ ስም ከማንኛውም የቅጣት ደብዳቤ ይከብዳል። ልመናው ካልሠራ ደግሞ የመጨረሻው ቁልፍ አለ፦ "ፓራ ሳ ባታ" — ለልጆቹ ስንል። ይህን ሰምታ "አልችልም" የምትል መምህርት ገና አልተወለደችም።

በ2023 የመጣውን የግድግዳ መመሪያ ካላነሳሁ ይቆጨኛል። ማሞች ለዓመታት በገዛ ገንዘባቸው ፊደል፣ ካርታ፣ የማባዣ ሠንጠረዥና የጀግኖች ፎቶ እየገዙ ክፍል ሲያስጌጡ ኖሩ። በዚያው ኦገስት፣ በጊዜው ሚኒስትር በነበሩት በሣራ ዱተርቴ መመሪያ፣ ግድግዳ ከታርፖሊን፣ ከፖስተርና ከማያስፈልግ ጌጥ ሁልጊዜ ነጻ ይሁን ተባለ። ሐሳቡ ልጆቹ ሐሳባቸው እንዳይበተን ነው። ማሞች መሰላል አቁመው በሙጫ ያጣበቁትን በምላጭ ፋቁ። ሃምሳ ልጅ በአንድ ክፍል፣ ጣሪያው የጋለ፣ ማራገቢያው የተዋጣ ወይም የተለመነ፤ ሐሳብ የሚበትነው ግን የማባዣ ሠንጠረዡ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ምርመራ በቀላሉ አይገኝም።

ከጌጥ ወደ ቋንቋ ስንሻገርም ያው ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ አስተምሩ ተባለና ወደ 19 ቋንቋ ተደረሰ። መጽሐፍ በቀረበት ቦታ ማም ራሷ ጻፈች፣ ራሷ ተረጎመች፣ ራሷ አተመች። በኦክቶበር 2024 ግዴታው በሕግ ተነሳ። የጻፈችው ፋይሏ ውስጥ አለ፤ ማስረጃ ነዋ።

ኮምፒውተርም ተገዝቶላታል። በ2021 በተፈጸመው ግዢ አንዱ ላፕቶፕ 58,300 ፔሶ ወጣበት፤ ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን ነው፣ የዘገምተኞቹ ወገን። ዋጋው ሲንር 68,500 ላፕቶፕ ሊገዛ የነበረው ብዛቱ ወደ 39,583 ወረደ። የኦዲት ኮሚሽኑ ውድ ነውም ዝግ ያለ ነውም አለ። የኦዲት ሰዎች እንዲሁ ናቸው፣ ዝግታ ትዕግሥት እንደሚያስተምር አይገባቸውም።

የጠመኔ አበል የሚሉት ደግሞ ከ2025–26 ጀምሮ ለዓመት 10,000 ፔሶ ሆኗል፤ በሕግ። ይህም የተሻለ ነው፣ እውነቱን እንነጋገር። ለ200 የትምህርት ቀን ሲካፈል በቀን 50 ፔሶ፤ ከዚህ የፕሪንተር ቀለም፣ ወረቀት፣ የኢንተርኔት ካርድ፣ እርሳስ ሳይዝ ለመጣው ልጅ እርሳስ። የጀማሪ መምህር ደመወዝ በ2025 በወር 30,024 ፔሶ ነበር። የመምህራኑ ማኅበር 50,000 ይሁን ሲል መልሱ ዝግጁ ነው፦ መምህርነት ጥሪ እንጂ ሥራ አይደለም። ለጥሪ ደግሞ ደመወዝ መጠየቅ ነውር ነው። የመብራት ኃይል ሰዎች ግን ጥሪ የለባቸውም መሰለኝ፤ በየወሩ ቢል ይልካሉ።

ስለዚህ ማም ትበደራለች። አበዳሪዎች እንደሚያከብሯት ማንም አያከብራትም፤ ደመወዟ አይቀርም፣ ክፍያው ገና እጇ ሳይገባ ይቆረጣል። በዚህ ቆራጭ በበዛበት የበጀት ሕጉ አንድ ወለል አበጅቶላታል፤ ተቆርጦ ተቆርጦ ቢያንስ 5,000 ፔሶ እጇ ይግባ። ወለሉ ጣሪያ የሆነባቸው አሉ። ያም ካልበቃ የኤቲኤም ካርድን ከነሚስጥር ቁጥሩ ለአራጣ አበዳሪ ማስያዝ አለ፤ ደመወዝ በሚገባበት ቀን ማሽኑ ፊት ካርዱን የያዘው እሱ ነው።

ምርጫ ሲመጣ ደግሞ የዴሞክራሲ ዘበኛ ትሆናለች። በ2016 የወጣው ሕግ ግዴታ አይደለም ይላል፤ ለጣቢያ ሰብሳቢ 6,000፣ ለአባል 5,000 ፔሶ ብሎ ደነገገ። በሜይ 2007 በባታንጋስ ግዛት ታይሳን ውስጥ የታጠቁ ሰዎች የምርጫ ጣቢያ የነበረውን ትምህርት ቤት አቃጥለው አንዲት መምህርት እዚያው ሞታለች። እሷ ጀግና ናት፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። የሚያሳቅቀኝ ቃሉ ለክሬፕ ወረቀትም የሚወጣው ያው ቃል መሆኑ ነው።

ጀግንነቱ የሚቋረጥበት ወቅትም አለ፣ የ15 ዓመት ተማሪዎችን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያወዳድረው የፒሳ ፈተና ውጤት ሲወጣ። በ2018 በንባብ ከተሳታፊዎቹ መጨረሻ፣ በ2022 ደግሞ በንባብ 347 ነጥብ። ያን ሳምንት ባያኒ — በእነሱ ቋንቋ ጀግና — የሚል ቃል ከየገጹ ይጠፋና "መምህራኑ ምን ሲሠሩ ነው?" ይተካዋል። ይመዝኑ ነበር። 7ኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ የማይችለውን ልጅ ልጣል ብትል፣ ለማንበብ እንደረዳችው፣ ቤቱ እንደሄደች፣ ወላጁን እንደጠራች ማስረጃ ታቀርባለች፤ ማሳለፍ ግን ማስረጃ አይጠይቅም።

የመረራት አሪዞና ወይም ኒው ሜክሲኮ ሄዳ ታስተምራለች፤ ሌላዋ ሆንግ ኮንግ ሄዳ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ቤይሩት ወይም ዱባይ የሠራች እህት ያላችሁ፣ አጠገቧ ብረት ምጣድ ትፈትግ የነበረችው ፊሊፒናዊት አገሯ ማም የነበረች ልትሆን እንደምትችል ጠይቋት። ወደ ውጭ ሠራተኛ ሆና ስትወጣም ማዕረጉ አይቀርባትም፤ "ባጎንግ ባያኒ" ትባላለች፣ አዲስ ጀግና። ብትቀርም ጀግና፣ ብትሄድም ጀግና።

ለቀረችው ግን የ1966ቱ ሕግ አንድ ነገር ደብቆላታል፤ ጡረታ ስትወጣ ደመወዟ አንድ እርከን ከፍ ይላል። ለአሥርና ሃያ ዓመት በአንድ ደረጃ ላይ የቆመችው ማም በመጨረሻ ታድጋለች፣ በምትሄድበት ቀን። ለጡረታዋ ስሌት ስለሚጠቅማት ደስ ይበላት። የዚያን ቀን እንደገና ክሬፕ መታጠቂያ፣ እንደገና ጽጌረዳ፣ እንደገና ከንቲባው በታርፖሊን። የስንብቱን ፎቶ የምታነሳው ምገባውን ከእሷ የተረከበችው ወጣት ናት። ሦስቴ ታነሳታለች፤ አንዱ ለሪፖርቱ ነው፣ ታርፖሊኑ መታየት አለበት።