ናሽቪል ዌበርን ማስቀረቱ ልክ ነበር
በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ (ኤን.ኤች.ኤል.) ውሉ ላለቀ አንዳንድ ተጫዋች ሌላ ቡድን ውል ሲያቀርብለት፣ የራሱ ቡድን ወይ ያንኑ ያህል ከፍሎ ያስቀረዋል ወይ ካሳ ተቀብሎ ይለቀዋል። ስለዚህ አሠራር የወጣው ጽሑፍ ናሽቪል እ.ኤ.አ. በ2012 ፊላዴልፊያ ያቀረበውን ያህል ለመክፈል ተስማምቶ ተከላካዩን ሼይ ዌበርን ማስቀረቱን የእልህ ውሳኔ ይለዋል። በፍጹም አልስማማም። ውሉ የ14 ዓመት፣ 110 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሚከብደው ግን ድምሩ ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት በየዓመቱ 13 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ክፍያ! አቅሙ አነስ ያለ ቡድን እጅ እንዲሰጥ ታስቦበት የተሠራ ነው። ለመወሰን የተሰጠው ጊዜ ደግሞ ሰባት ቀን ብቻ። ቢለቀው በካሳ መልክ አራት የአንደኛ ዙር የድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የመውሰድ መብት) ያገኝ ነበር፤ ግን በዚያው ክረምት ሌላው የናሽቪል ተከላካይ ራያን ሱተር ወደ ሚኒሶታ ሄዷል። አምበሉ ዌበርም ከተከተለው ደጋፊው ማንን ሊያይ ይመጣል? ከላይ በአስተያየትህ «ገንዘቡ ባከነ» ያልከው ወንድሜ፣ በ2016 እኮ ዌበር በሞንትሪያሉ ተከላካይ በፒኬ ሱባን ተቀየረ፤ በዓመቱ ናሽቪል ለመጀመሪያ ጊዜ የስታንሊ ዋንጫ (የሊጉ ሻምፒዮና) ፍጻሜ ገባ። ኤድመንተን ግን በ2024 ሴንት ሉዊስ ያቀረበውን ያህል ሳይከፍል ወጣቶቹን ብሮበርግንና ሆሎዌይን ሲለቅ በምትኩ ያገኘው አንድ የሁለተኛና አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነው። ሆሎዌይ በመጀመሪያው ዓመት 26 ጎል አገባ። እሱን ነው ባከነ የሚባለው።