በጥቁር ቆዳ ላይስ?

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ጫካ ለምንንሸራሸር ሰዎች ስለ መዥገርና በንክሻዋ ስለሚተላለፈው ላይም (Lyme) በሽታ የሚጻፈው ምክር ጥሩ ነው፤ «የተነከሰው ቦታ ላይ ቀይ ቀለበት የመሰለ ሽፍታ ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ» ብሎ ማለፉ ግን ጥቁር ቆዳ ላለን ለእኛ አይበቃም። በጥቁር ቆዳ ላይ ሽፍታው ሳይቀላ በልዞ የተመታ ቦታ ሊመስል ይችላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ጭራሽ አይወጣም። ስለዚህ ጫካ ከዋላችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ድካም ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣባችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ጫካ እንደነበራችሁ ንገሩት።

ልጆችን ከጆሮ ጀርባና ከብብት ሥር በደንብ እዩአቸው፤ በግንቦትና ሰኔ የምትነክሰው ትንሿ መዥገር ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ተጣብቃ ካገኛችኋትም እባካችሁ ቫዝሊንና ክብሪት ይቅር! ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ከቆዳው አስጠግቶ ይዞ፣ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው።