እህት ምንጭ አትሆንም አሉ

አሁን ነው ከክላስ የወጣሁት። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ።

ያ አሳይመንት ነው። ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ የተጻፈ ዜና ምረጡ፣ አንብቡ፣ የራሳችሁን ምላሽ ጻፉ ተባልን። «የራሳችሁን» የሚለው ተሰምሮበት ነበር እኮ! ተሰምሮበት!

ግማሹ ክላስ ስለ ጆርጅ ፍሎይድ ጻፈ። ይጻፍ። ሰውየው 9 ደቂቃ ያህል የአሜሪካ ፖሊስ አንገቱ ላይ ተንበርክኮበት ነው የሞተው፤ ማን ይከለክላል። ግን እሱ የሞተው በ2012 ግንቦት ነው። በዚያው ሰሞን ቤይሩት የኛ ቆንስላ በር ላይ የኛ ሴቶች ከነሻንጣቸው ከመኪና እየተራገፉ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቋል፣ ኮሮና አለ፣ አሠሪዎቹ መክፈል አቃታቸው። ስለዚህ አምጥተው አስፋልት ላይ ጣሏቸው። አንዳንዶቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም፣ ፓስፖርታቸው እጃቸው ላይ የለም። እኔ ይሄን ዜና መረጥኩ። ለምን እንደመረጥኩ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

ዛሬ መምህሩ ወረቀት ሲመልስ መጀመሪያ የአንዱን ልጅ አነሳ። «ሚዛናዊ» አለው። ከላይ እስከ ታች ቻትጂፒቲ ቻትጂፒቲ የሚሸት ወረቀት ነው። ልጁ ርዕሱን ራሱ ሲጠየቅ ወረቀቱን ገልጦ ነው ያየው። ይሁን። ከዚያ የኔን አወጣና ቆሜ እንድሰማ አደረገኝ።

«ደመወዝ ሲቀር በሩዝና በአሮጌ ልብስ ይካካስ ነበር የሚለው ከየትኛው ዜና ነው?»

«ከዜናው አይደለም መምህር። እህቴ ናት የነገረችኝ።»

«እህትሽ?»

«አዎ፣ ቤይሩት ናት።»

«ጋዜጠኛ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«የቤት ሠራተኛ ናት።»

ክላሱ ሳቀ። ሁሉም አይደለም፣ ግን የሳቁትን አውቃቸዋለሁ። እሱም ፈገግ አለና ጨረሰው፦ «እህት ምንጭ አትሆንም። ምላሽ ጻፊ ነው ያልኩሽ፣ ሙሾ አውርጂ አላልኩሽም።»

ሙሾ! እሷ እኮ በሕይወት አለች!

ቆይ፣ ይሄን እንደገና ላስበው። ያ ዜና ውስጥ ማን ነው የሚናገረው? «ስሟ እንዳይገለጽ የፈለገች ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ» ናት። እሷ ምንጭ ሆነች። የኔ እህት ስም አላት፣ ስልክ አላት፣ ሌሊት ማዳሟ ስትተኛ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቮይስ የምትልክልኝ ሰው ናት፤ እሷ ግን ምንጭ አትሆንም። ጓደኛዬ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ለአንድ ፈረንጅ ጋዜጠኛ ስልኳን ስጪው፣ ይጻፈው፣ ከዚያ እሱን ጥቀሺ።» ሳቅን። በኋላ ሳስበው የሚያስቅ ነገር የለውም፤ በትክክል እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ገና አላለቀም። ከኋላ ያ ጉረኛው ልጅ እጁን አወጣ። «ግን ማን ሂዱ አላቸው?»

ማን ሂዱ አላቸው። ይቺን ጥያቄ በፌስቡክ ስንቴ አንብቤያታለሁ። አንዲት ልጅ ከፎቅ ወደቀች የሚል ዜና ሲለጠፍ ከሥሩ መጀመሪያ «ነፍስ ይማር» ይመጣል፣ ቀጥሎ «ማን ሂጂ አላት» ይመጣል፣ ቀጥሎ አንዱ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ይለጥፋል።

እሺ ልመልስልህ ወንድሜ። በ2006 መንግሥት ወደ አረብ ሀገር ለሥራ መሄድን ከለከለ። ሰው ቀረ? አልቀረም፤ በጅቡቲ በየመን በኩል በእግርና በጀልባ ሄደ። በነሐሴ 2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች ያወጣውን ሪፖርት አንብበህ ከሆነ፣ በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በጥይትና በከባድ መሣሪያ እንደተገደሉ ታውቃለህ። ሳዑዲ አልፈጸምኩም ብላለች። ምንጭ ስጪ ካልከኝ ይኸው፣ እህቴ አይደለችም። እገዳው በ2010 ተነሳ። አሁን ደግሞ መንግሥት ራሱ ስምምነት ይፈርማል፣ ማሠልጠኛ ያስገባል፣ አሻራ ያስነሳል፣ ይልካል። አዋጅ 923/2008 ሲወጣ ለመሄድ ስምንተኛ ክፍል መጨረስ ያስፈልጋል ይል ነበር። በአዋጅ የሚኬድበትን መንገድ «ማን ሂዱ አላቸው» ትለኛለህ?

ደግሞ ያ የያዝከው ስልክ ከየት እንደመጣ ዶርሙ ሁሉ ያውቃል። አክስትህ ናት የላከችልህ። ከኩዌት። ማን ሂጂ አላት?

እኔን በጣም ያበገነኝ ግን ሙሾ መባሉ አይደለም። ምንጭ ያለው ክፍልም እኮ ነበረኝ! የሊባኖስ የሥራ ሕግ የ1946 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ያወጣቸዋል። በቃ፣ ሠራተኛ አይደሉም። የሚተዳደሩት በከፋላ፣ ማለትም ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስር የስፖንሰር አሠራር ነው፤ አሠሪው ካልፈቀደ ሥራ መቀየር የለም፤ ትተሽ ከወጣሽ ወረቀት የሌለሽ «ጠፊ» ነሽ። በፈረንጅ 2020 ሴፕቴምበር የሊባኖስ የሥራ ሚኒስትር ጥሩ የሚባል አዲስ ውል አወጡ፤ ሠራተኛዋ ውሉን ማቋረጥ ትችላለች፣ ፓስፖርት መያዝ አይቻልም የሚል። የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ከሰሰ፣ በወሩ ፍርድ ቤት አገደው። ይሄን ሁሉ ጻፍኩ። በኮኔክሽን እየተሰቃየሁ፣ መብራት እየሄደብኝ። መምህሩ እዚህ ገጽ ላይ ቀይ እስክሪብቶ እንኳ አላነሳም። ያነበበው እህቴ ያለችበትን መስመር ብቻ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱም ያው ነው። ገጽ በቆጠረ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል። «ኔትወርክ የለም» እያለ ካሽ ይቀበላል። አሁን ይሄ ምን አገናኘው ትሉኛላችሁ፤ ተናድጃለሁ፣ ሁሉም ይገናኛል።

ኢትዮጵያዊቷን የቤት ሠራተኛ ዓለም ደቻሳን የሚያስታውስ አለ? በ2004፣ እዚያው ቤይሩት፣ እዚያው ቆንስላ በር ላይ፣ እየጎተቱ መኪና ውስጥ ሲያስገቧት በቪዲዮ ዓለም አየ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ልጆች ነበሯት። ሕፃን ነበርኩ፣ እማዬ ቴሌቪዥኑን ስታጠፋው ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ የራሷን ልጅ እዚያው ከተማ ላከች። ማን ሂጂ አላት? ኪራይ አላት። የአባዬ ኩላሊት አላት። የኔ ትምህርት ቤት ክፍያ አላት።

በ2017 መስከረም የእስራኤል ቦምብ ሊባኖስ ላይ ሲበረታም አንዳንዶቹ አሠሪዎች ሠራተኛዋን ቤት ቆልፈውባት እንደሸሹ ተዘግቧል። የኔዋን ማዳሟ ይዛት ወጣች፤ ዕድለኛ ናት ተባለ። ዕድለኛ! ያን ሰሞን ፈተና ላይ ነበርኩ። ስልኬን ፈታኙ ሲቀበለኝ «ለምን ትነጫነጫለሽ» አለኝ።

አሁን ለዓርብ አስተካክለሽ አምጪ ተብያለሁ። «ስሜቱን ቀንሽ፣ ሁለተኛ ወገንንም ጨምሪ።» ሁለተኛው ወገን ማን ነው? ማዳሟ? እሺ፣ ልደውልላት?

ዛሬ ማታ እህቴ «ስንት አገኘሽ?» ማለቷ አይቀርም። ስጽፍ እየደወልኩ እየጠየቅኳት ስለነበር ታውቃለች፣ እንዲያውም «ስሜን እንዳትጽፊ፣ የቀረውን ግን ጻፊው» ብላኛለች። ምን እንደምላት አላውቅም።

ስለዚህ፦ ስለ ከፋላ በአማርኛ የተጻፈ ጥናት በፒዲኤፍ ያላችሁ በውስጥ ላኩልኝ። ዓርብ ጠዋት ሳይሆን ዛሬ ላኩልኝ። «አይዞሽ» ብቻ የምትሉ ይቅርባችሁ። «ማን ሂጂ አላት» የሚል ኮሜንት ካየሁ ደግሞ አልመልስም፤ የማን ገንዘብ ዳታውን እንደሞላልህ ብቻ ነው የምጠይቅህ።