የመታወቂያችን ኮፒም ገበናችን ነው

ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሎ ገዛሁ። በልቼ ስጨርስ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘረጋሁት። የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ነው። ፊቱ ጠቁሮ አይለይም። ስሙ፣ የቤት ቁጥሩ፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራው ሰው ስልክ ሳይቀር ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ቆሎ ሻጯ እናት ምን ያጥፉ? ወረቀቱን በኪሎ ነው የገዙት። ያጠፋው፣ ኮፒውን «አምጡ» ብሎ ተቀብሎ ሲያበቃ እንደ ተራ ወረቀት የሸጠው ቢሮ ነው።

ነገሩን ለጎረቤቴ ስነግራቸው «እኔ ምን የምደብቀው አለኝ ልጄ?» አሉኝ። እኚሁ እናት ግን ቤታቸው ያለውን ችግር ለእድርተኛ እንኳ አያወሩም። ገበና መሸፈንን ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ታዲያ ሙሉ ስማችን፣ ስልካችንና አድራሻችን ከመቼ ወዲህ ነው ከገበና የወጣው? አጭበርባሪ ደውሎ «ከባንክ ነው» ሲል ሙሉ ስማችንን ከነአባት ከነአያት ከጠራ፣ ስንቶቻችን እንጠራጠራለን?

አሁን ደግሞ ፋይዳ አለ። ስንመዘገብ የ10 ጣት አሻራችንን፣ የዓይናችንንና የፊታችንን ምስል ሰጥተናል። መታወቂያው ይጠቅማል፤ እኔም አውጥቻለሁ። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የምናደርገው ነው። ካርዱን ለማሳተም ፋይሉን በቴሌግራም ለፎቶ ኮፒ ቤት እንልካለን። ካርዳችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ፋይሉ እዚያው ይቀራል።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃችን ለምን እንደተፈለገ የማወቅ፣ ስህተቱ እንዲታረም፣ ሲያበቃም እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ግን «ለምንድን ነው የፈለጋችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወረፋ ላይ አላየሁም። የጠየቀ ሰው ነገረኛ ይባላል።

እኔ ኮፒ ስሰጥ ላዩ ላይ ለምን ጉዳይ እንደሆነና ቀኑን በእስክሪብቶ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ሰፈራችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። «የኔን ፋይል አጥፋልኝ» አልኩት ልጁን። ኮምፒውተሩን ከፈተው። የሰፈሩ ሰው ፊት በሙሉ ተደርድሯል። «እስከ ዛሬ አጥፋልኝ ያለኝ ሰው የለም» አለኝ። ሳያቅማማ የኔን አጠፋው። ከዚያ ወደ ታች እየወረደ የቆዩትንም መሰረዝ ጀመረ።