ሴረም መከልከልና «ጂ1 ላይ ቆሙ» የሚለው ድምዳሜ

እዚህ የምተቸው ስለ ሴል ዑደት የተጻፈ ጽሑፍ፣ ሴረም (እድገትን የሚቀሰቅስ የደም ፈሳሽ ክፍል) የተከለከሉት ሴሎች «ጂ1 ላይ ቆሙ» ይላል፤ ጂ1 ሴሉ ዲኤንኤውን ከመቅዳቱ በፊት ያለው ምዕራፍ ነው። የተለካው በፕሮፒዲየም አዮዳይድ (ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ የሚያበራ ቀለም) ብቻ ከሆነ ግን ድምዳሜው ቸኩሏል። ቀለሙ የሚያሳየው የዲኤንኤን መጠን ነው፤ ጂ0 (ሴሉ ከዑደቱ ወጥቶ የሚያርፍበት ሁኔታ) እና ጂ1 ደግሞ በዲኤንኤ መጠን እኩል ናቸው። ለመለየት ቢያንስ ኬአይ-67 (በዑደት ላይ ባሉ ሴሎች የሚታይ ፕሮቲን) አብሮ መታየት አለበት።

ዝግጅቱም ዋዛ አይደለም። ሴሎቹ በጥቂት ፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) በደንብ ከተበተኑ በኋላ፣ ቱቦው እየተነቀነቀ ቀዝቃዛ 70 በመቶ ኢታኖል ጠብ ጠብ እየተደረገ ይጨመራል። በአንዴ ከተገለበጠባቸው ይጓጉላሉ። የተጣበቁ ሁለት የጂ1 ሴሎች ሴሎችን አንድ በአንድ ለሚለካው ማሽን (ፍሎው ሳይቶሜትር) አንድ የጂ2 ሴል፣ ማለትም ዲኤንኤውን እጥፍ ያደረገ ሴል ይመስላሉና በሲግናሉ ወርድ ለይቶ ማስወጣት ግድ ነው፤ ብዙ የሐሰት ጂ2 የሚመጣው ከዚህ ነው። አርኤንኤን የሚቆርጠው ኢንዛይም አርኤንኤስ ኤ (በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም፣ 37 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ) ከተዘለለ ደግሞ ቀለሙ አርኤንኤም ላይ ስለሚጣበቅ የግራፉ ጫፎች ተዘርጥጠው ይወጣሉ።

ጽሑፉ ስለ ኢአርኬ (የእድገት ምልክትን በሴሉ ውስጥ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን) በሚያወራበት ክፍል ላይ አንድ ነገር ቀርቷል። ሴረም ሲመለስ ፎስፎ-ኢአርኬ (የነቃው ኢአርኬ) በ5 እና በ10 ደቂቃ መካከል ሽቅብ ይወጣል፤ ሴሉን በጂ1 ወደፊት የሚገፋው ፕሮቲን ሳይክሊን ዲ1 እስኪከማች ግን ሰዓታት ይፈጃል። የ10 ደቂቃው ብልጭታ ብቻውን ሴሉ ወደ ኤስ (ዲኤንኤ ወደሚቀዳበት ምዕራፍ) መግባቱን አያሳይም። ምልክቱ ሳይቋረጥ ቆይቶ፣ ከሳይክሊን ዲ1 ጋር የሚሠሩት ሲዲኬ4/6 ኢንዛይሞች የዑደቱ ፍሬን የሆነውን አርቢን ፎስፎሪሌት ማድረግ (ፎስፌት መለጠፍ)፣ አርቢ የያዘው፣ የኤስ ጂኖችን የሚያነቃው ኢ2ኤፍም መለቀቅ አለበት። ኤስ መግባታቸውን ለማየት ኢዲዩ (አዲስ በሚሠራ ዲኤንኤ ውስጥ የሚገባ ምልክት) ይሻላል።

«ራስ» (Ras) የተባለው የእድገት ምልክት አስተላላፊ ጂን የተለወጠበት የካንሰር ሴል ከሆነማ፣ ሴረም ቢከለከልም ብዙ ጊዜ በቅጡ አይቆምም።