የቱን ጥግ ነው የምንይዘው?

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ ስለ ትራፊክ አደጋ በተወራ ቁጥር አንድ ሐሳብ አብሮ ይነሳል፦ ሳይክል ከዋናው አስፋልት ይከልከል። ምክንያቱ ደግሞ ሳይክል ነጂ ጥጉን አይዝም፣ መሐል እየገባ ለመኪና መንገድ ይዘጋል የሚል ነው። ይህ የሻይ ቤት ወሬ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር፤ አሁን እንደ መፍትሔ ስብሰባ ላይ ይቀርባል። ሌባ በዛ ተብሎ ኪስ ይከልከል እንደማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስቀው «ወሎ ተራራ ነው፤ ሳይክል የባሕር ዳር ነገር ነው» የሚለው ነው። ተራራ ላይ ያለችው ደሴ ናት፤ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ኮምቦልቻ የቦርከና ሜዳ ላይ ነው የተቀመጠችው። የደሴ መንገደኛ ሳይቀር ከአውሮፕላን የሚወርደው እዚሁ ነው። ለአውሮፕላን የበቃ ሜዳ ለሳይክል አነሰ? የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተበት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ጠዋት ማታ ወደዚያ የሚመላለሰው ሠራተኛስ ተራራ እየወጣ ነው?

ይሁን፤ ወደ ጥጉ እንምጣ። «ጥግህን ያዝ» የሚል ሰው የቱን ጥግ ማለቱ ነው? ከአስፋልቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ያለውን አንድ ሜትር ጎንበስ ብሎ የሚያይ ያውቀዋል። ጫፉ ተሸርሽሮ ከጠጠሩ ጋር ደረጃ ሠርቷል። ጎማ አንዴ ከዚያ ደረጃ ከወረደ፣ ነጂው ቀስ ብሎ ልመለስ ሲል የፊት ጎማው ጠርዙን እየታከከ ይሄዳል እንጂ አይወጣም፤ ሰውየው የሚወድቀውም ወደ ግራ፣ መኪናው ወደሚመጣበት ነው። መኪና እየጠረገ የሚገፋው አሸዋና የጠርሙስ ስባሪም የሚከማቸው እዚያው ጥግ ላይ ነው። ቀጥሎ የጎርፍ መውረጃው ፍርግርግ አለ። ብረቶቹ በመንገዱ አቅጣጫ ተጋድመው በመካከላቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካለ፣ ቀጭኑ የኮርሳ (የውድድር ሳይክል) ጎማ ገብቶ ይሰምጣል። ጎማው ይቆማል፤ ሰውየው አይቆምም። ከዚያ ደግሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ባጃጅ፣ ከዚያ የቆመ መኪና። የመኪና በር ድንገት ሲከፈት አንድ ሜትር ያህል መንገድ ይበላል። ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ርቆ የሚነዳ ሰው ታዲያ ጠግቦ ነው ወይስ አውቆ?

አሁን እንደምር። የአንድ መስመር ስፋት 3.5 ሜትር ነው እንበል። ከባድ መኪና መስታወቱ ሳይቆጠር 2.5 ሜትር ይይዛል። የሚተርፈው 1 ሜትር ነው። የሳይክል መሪ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ዳገት ላይ ወይም ነፋስ ሲመታው የሚወዛወዝበት በየጎኑ 20፣ ጠቅላላው 1 ሜትር። በመኪናውና በክርኑ መካከል የቀረው ዜሮ ነው። ስለዚህ ሳይክሉ ጥግ ያዘም አልያዘም ሲኖትራክ በዚያው መስመር ውስጥ ሊያልፈው አይችልም። ወይ ከኋላ ይታገሣል፣ ወይ ሌላው መስመር ነጻ ሲሆን ወጥቶ ያልፋል። ሳይክሉ ጥግ ሲይዝ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሹፌሩ «ይበቃኛል» ብሎ መሞከሩ። ከጫፉ አንድ ሜትር ገባ ብሎ የሚነዳ ሰው መንገድ አልዘጋም፤ መጀመሪያውኑ ያልነበረ መንገድ እንደሌለ ነው ያሳየው። ይህን አራት ቁጥር መደመር ያልቻለ ሰው ስለ መንገድ ደህንነት ባይናገር ይሻላል።

ወደ ባቲና ሚሌ የሚያቀናው ተሳቢ ደግሞ የባሰ ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። የሚቆርጡት በትክክል ያንን «ጥግ» ነው። ከጋቢናው በስተቀኝ ተጠግቶ ያለን ሳይክል ሹፌሩ ከመቀመጫው አያየውም። መስቀለኛ ላይ ጥጉን ይዞ ከተሳቢ ጎን የቆመ ልጅ የታዘዘውን አድርጎ ነው የሚሞተው።

በእግረኛው መንገድ ይሂዱ የሚሉም አሉ። እግረኛውስ የት ይሂድ?

ስለ ፍጥነት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። በሰዓት 50 የሚሄድ መኪና ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ባለችው አንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ይጓዛል። በ30 የሚሄደው በዚሁ ርቀት ውስጥ፣ ደረቅ አስፋልት ከሆነ፣ ጭራሽ ቆሟል። ከተማ መሐል የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ዋጋውም የምልክትና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ዋጋ ነው።

የሳይክል ነጂው ጥፋት የለም አልተባለም። ፍሬን የሌለው ሳይክል ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ አለ፤ እሱ ይያዝ። የፍሬን ሽቦ መጀመሪያ የሚበጣጠሰው እጀታው ውስጥ በተደበቀው ጫፍ ላይ ስለሆነ ተፈትሾ ካልታየ አይታወቅም። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተታል። ቁልቁለቱን ሙሉ ሳይለቁ መያዝም ቸርኬውን አግሎ ካመራዳሪውን (አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) ሊያፈነዳ ይችላል፤ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ መያዝ ነው። ማታ ያለ መብራት የሚነዳም አለ። ይህ ግን የመፈተሽ ጉዳይ ነው። ፍሬኑ የተበላሸ አይሱዙ ስለተገኘ አይሱዙ ሁሉ ከአስፋልት አልተባረረም።

አገሪቱ በ2012 ዓ.ም. እስከ 2021 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች። ኮምቦልቻ ላይ እስኪተገበር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀውን እንጀምር። ፍርግርጎቹን የከተማው በያጆች በ90 ዲግሪ ያዙሯቸው፣ የማይዞር ከሆነ አግድም ብረት ይበይዱባቸው። የባጃጅ መቆሚያ ከመስቀለኛ ይራቅ። መስመር ለሳይክል ሲሠራም ቀለም ብቻ ተቀብቶ አይተው፤ ቀለም ባጃጅን አያስቆምም። ጠርዝ ያለው፣ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ መቀዳደም እንዲቻል ከተፈለገ 2 ሜትር የሆነ ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን ይከልከል ባዩ ሜትር ይዞ ይውጣና ጫፉን ይለካልን። የተሸረሸረውን፣ ፍርግርጉንና የቆመውን ባጃጅ ቀንሶ አንድ ሜትር ንጹሕ አስፋልት ካገኘ ቦታውን ይንገረን፤ እዚያ ላይ ጥጋችንን እንይዛለን።