ጅቡቲን ከተማዋ ውስጥ አትፈልጓት

ከጅቡቲ የተመለሰ የድሬ ሰው ወሬው አንድ ነው። «ሙቀቱ አይቻልም፣ ኑሮው እሳት ነው፣ ደግሞስ ምን የሚታይ አላት?» ይላል። እንዲህ የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀናቱን የጨረሰው ከከተማው ዳር ባለው ባልባላ ሰፈር ዘመድ ቤት፣ ወይም ገበያው አጠገብ አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው። ባሕር አየሁ የሚለውም ሲየስታ በሚባለው የከተማው ባሕር ዳር ቆሞ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ብቻ በሚቀርበት። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ አሳል የሚባለው የጨው ሐይቅ፣ ከሰላጤው ጫፍ ያለው የጉቤት ውሃ፣ የአርታ ባሕር ዳር ሁሉም ከከተማው በመኪና ተወጥቶ የሚደረስባቸው ሆነው ሳለ፣ ሰው ምንም ሳያይ ተመልሶ አገሪቱን ሲያማት መስማት እኛን የድሬና የሐረር ልጆችን ያንገበግበናል።

የበለጠ የሚያንገበግበው ደግሞ ይህን የሚለው የድሬ ሰው መሆኑ ነው። ሙቀት ካለበት ከተማ ጋር እንዴት እንደሚኖር ለድሬ ሰው ማን ያስተምረዋል? ሐሩሩ ሲበረታ ሚኒባስ ይዞ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፤ በአንድ ሰዓት ጉዞ ግድም ሐረር ገብቶ ሹራብ ይፈልጋል። ጅቡቲም የራሷ ደንገጎ አላት፤ አርታ ትባላለች። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከላይ ሆኖ ሰላጤው በሙሉ ይታያል፣ ነፋሱም ሌላ ነው። የጅቡቲ ሰው ራሱ ሐሩሩ ሲከፋ ወደዚያ ነው የሚሸሸው። አገር ቤት ያለንን ልማድ ባቡር ላይ ስንወጣ ለምን ጥለነው እንደምንሄድ አይገባኝም።

በመጀመሪያ ወሩን መምረጥ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ ከምዕራብ የሚመጣው ደረቅ ነፋስም አሸዋ ይዞ ይገርፋል። በእነዚህ ወራት ለመዝናናት መሄድ ራስን መቅጣት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ ደኅና ነው። የጅቡቲ ሙቀት ከድሬ የሚለየው በቁጥሩ ብቻ አይደለም። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይተናል፣ ሰውነትም ይቀዘቅዛል። ባሕር ዳር ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ነውና ላቡ አይደርቅም፤ ልብሱ እንደረጠበ ይውላል፣ ሌሊቱም አያሳርፍም። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ማደር ግድ ከሆነ ኤሲ የሌለው ርካሽ ክፍል መያዝ ቁጠባ አይደለም፤ በማግስቱ መንገድ ለመውጣት አቅም አይኖርም።

ውድነቱንም ምክንያቱን ማወቅ ይረዳል። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ጫቱ ከእኛ ነው የሚሄደው። መብራቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል በተዘረጋው መስመር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ከአዲጋላ የጉድጓድ ውሃ በቧንቧ ይገባል። ሌላው በመርከብ ይመጣል። በዚህ ላይ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፣ አይወጣም አይወርድም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ በብር የሚያስብ ሰው ዋጋ በጠየቀ ቁጥር መደንገጡ አይቀርም። ብር ተሸክሞ ሄዶ እዚያ መመንዘር ያከስራል። ዶላር ያለው ግን ዋጋው የታወቀ ስለሆነ በቀላሉ ሒሳቡን ይሠራል። ሐሙዲ መስጊድ አካባቢ፣ ቀድሞ ፕላስ ራምቦ ይባል በነበረው አደባባይ፣ ሴቶች መንገድ ዳር ተቀምጠው ይመነዝራሉ።

ይህንና ሌላውንም ጉዳይ ከቀትር በፊት መጨረስ ያስፈልጋል። ጫቱ እኩለ ቀን አካባቢ ይደርሳል። ከሰባት ሰዓት ግድም ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ከተማው ይተኛል። አርብ ደግሞ የዕረፍት ቀን ነው። ድሬም ከቀትር በኋላ ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ባሕር ማዶ የደረሰ ስለሚመስለው ብዙ ሰው ይረሳውና መኪና ለመከራየት በስምንት ሰዓት ይወጣል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይመላለስ መሄጃውንም መመለሻውንም ቀድሞ ማረጋገጥ፣ ፓስፖርትና ቪዛውንም ከድሬ ሳይነሱ መጨረስ። የሚወርዱት ናጋድ ጣቢያ ነው፤ ከተማው መካከል አይደለም፤ የታክሲውን ዋጋ ሳይነጋገሩ ዕቃ አለመጫን። በማግስቱ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ከነሾፌሩ ለአራት ሰው መካፈል ነው፤ ለብቻ ከተያዘ ኪስ ይጎዳል። ጉዞው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጀመር አለበት። መንገዱ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር፣ ወደ ገላፊ የሚሄደው የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ የእኛው ተሳቢዎች ከከተማው መውጫ ፒኬ 12 ላይ ከተሰለፉ በኋላ የተነሳ ሰው ግማሽ ቀኑን ከኋላቸው ይፈጃል፣ አሳልም የሚደርሰው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው።

መንገዱ ወደ ታጁራ ሲገነጠል ጉቤት ከታች ይታያል፤ ጥቁር ድንጋይ የከበበው ሰማያዊ ውሃ ነው። ሰላጤውን ከጉቤት የሚያገናኘው ጠባብ በር ኃይለኛ ሞገድ ስላለው እዚያ ለመዋኘት አይሞከርም። አሳል ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ከሁሉ የዘቀጠው ቦታ ነው፤ ጨውነቱም የባሕርን ውሃ አሥር እጥፍ ያህላል። ውሃው ሰውን ያንሳፍፋል እንጂ አያሰምጥም። የዳርቻው ጨው ግን ጠጥሮ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ስለት አለው። በነጠላ ጫማ የገባ እግሩ ይቆረጣል፣ በባዶ እግር የገባማ አይጠየቅም። ለዚህ ከኮንጎ ጫማ የሚሻል የለም፤ አይንሸራተትም፣ ጨው አይበላውም፣ ዋጋው ከሳንቲም አይቆጠርም። ቁስል ያለበት ወይም በዚያ ጠዋት ጢሙን የተላጨ ባይገባ ይመረጣል። ፊትን ውሃ ውስጥ መንከር አያስፈልግም፤ ዓይን ከገባ ያቃጥላል። ሲወጡ ጨው ቆዳ ላይ ደርቆ ስለሚያሳክክ መታጠቢያ አንድ ጀሪካን ውሃ መኪናው ላይ መኖር አለበት። ለመጠጥ ደግሞ ለአንድ ሰው ቢያንስ አምስት ሊትር። ሱቅ ይኖራል ብሎ የሚሄድ ይጠማል።

በዚያ ነጭ ጨው ላይ የጫት ገረባ ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ተጥሎ ማየት ያሳፍራል። የድሬውን የደቻቱን ወንዝ ያበላሸው እጅ እዚህም ደርሷል። የወሰዱትን መልሶ መኪና ላይ መጫን ምን ያህል ከባድ ነው?

ዌል ሻርክ ማየት የሚፈልግ ከኅዳር እስከ ጥር አርታ ባሕር ዳርና ጉቤት አካባቢ ያገኛል። በብዛት የሚመጡት ገና ያልደረሱት፣ አራት ሜትር ግድም የሚሆኑት ናቸው። ስማቸው ቢያስፈራም የሚበሉት ፕላንክተን ነው፣ ሰው አይነኩም። ሰውም አይንካቸው፤ ሦስት አራት ሜትር ራቅ ብሎ ከጎን መዋኘት እንጂ ከፊታቸው መደቀን የለበትም። ጀልባው በጠዋት ቢወጣ ይሻላል፣ ቀን ላይ ነፋሱ ይበረታል። ዋጋው በጀልባ እንጂ በሰው እንዳይሆን አስቀድሞ መስማማት፤ የሕይወት ጃኬት ሳያዩ አለመሳፈር።

ማደሪያው ታጁራ ነው። ትንሽ፣ ነጫጭ ቤት ያላት፣ መስጊዶቿ የበዙ ከተማ ናት፤ ሐረርን የሚያውቅ እንግድነት አይሰማውም። ሐረር ቤቱን የምናሳየው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ራሱ ለምኒልክ የሚሸጠውን መሣሪያ ይዞ እዚህ ግመል ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ቅፍለቱ የተነሳው በጥቅምት 1886 እ.ኤ.አ. ነው። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ነጭ አሸዋ የሚባለው ዳርቻ አለ። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ኮራሉ ከዳር ብዙ አይርቅም፣ ሌሊቱም እንደ ከተማው አያፍንም። ሁለት ሌሊት እዚህ ያደረ ሰው ጅቡቲ ምን አላት አይልም።

(የእኛም ነገር ያው ነው። ከውጭ እንግዳ ሲመጣ ድሬ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር አስቀምጠን እንሸኘዋለን እንጂ ድሬ አጠገብ ለገ ኦዳ የዋሻ ሥዕል እንዳለ ስንቱ ያሳያል? ስንቱስ ራሱ አይቷል?)

ፎቶ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወደብ፣ የጦር ሰፈር፣ የመንግሥት ሕንፃ ማንሳት ክልክል ነው፤ ስልኩን የተቀማ ሰው ጉዞው እዚያው ያበቃል።

ከተማው ውስጥ ሳይቀምሱ መምጣት የማይገባው አንድ ነገር የየመኖቹ ዓሣ ነው። ዓሣው ለሁለት ተከፍሎ ይዘረጋል፣ በርበሬና ቅመም ይቀባል፣ ከዚያ እንደ ጉድጓድ ባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ በእሳት ይጠበሳል። ከትልቅ ስስ ቂጣ ጋር ይቀርባል፣ በሙዝና በማር የተፈተፈተው ሙክባዛም ይከተላል። ዓሣውን ሳይጠበስ መርጦ ዋጋውን መጠየቅ ነው፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል።